የልጅ ዛፍ

ሰኞ፣ ጁን 3

ይጻፉ አለችኝ። ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ጁን 4

ትናንት እነዚያን ቃላት ስጽፍ ጀንበር አዘቀዘቀች። እርሳሱን በጨርቅ ጠቅልላ የሕፃን ክንድ አሳክላዋለች፤ እንዲያም ሆኖ ያመልጠኛል። ፊደሌ ሸርጣን አሸዋ ላይ የተርመሰመሰበት ይመስላል። ድሮም የሚያምር ፊደል የለኝም። ሚስዮኖቹ ትምህርት ቤት የገባሁት መዝሙር እስካነብ ነው። ከዚያ ወዲያ እጄ ሌላ ሥራ አገኘ።

የምታስጽፈኝ ሮቲያ ናት፣ ነርሷ። በሞተር ብስክሌት እየዞረች የደሴቱን በሽተኛ ሁሉ ታያለች። «ምን ልጻፍ?» አልኳት።

«የመጣልዎትን፣ አያቴ። ካሻዎ እኔን ይሳደቡ። አላነበውም። እኔ የምፈልገው ጣቶችዎን ነው።»

ስድብ አላጣም።

ረቡዕ፣ ጁን 5

ማንኪያ። ካውሬ፣ የልጄ ሚስት፣ ሩዝና ዓሣ በማንኪያ ታበላኛለች። አፍዎን ይክፈቱ አትልም። የራሷን አፍ ትከፍታለች፣ ለጡት ልጅ እንደሚከፈተው። ሳላስበው የኔም ይከፈታል። ያንገሸግሸኛል። ዓሣው ቀዝቅዟል ብዬ ግማሹን ተውኩት። አሁን ራበኝ።

ሐሙስ፣ ጁን 6

ዛሬ ሮቲያ እጄን ቅባት እየቀባች «ይኼ እጅ ምን ይሠራ ነበር?» አለችኝ። የታራዋ፣ የዋና ከተማው፣ ልጅ ናት፤ ካረዌን የምታውቀው ከጠርሙስ ነው። በአፍ ማስረዳት ታከተኝና ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ አልኳት። ይኸው።

ካረዌ ቆራጭ ነኝ። አባቴም ነበር። ኮኮናት ላይ ወጥተህ ያልፈነዳውን የአበባ እምቡጥ ከላይ እስከ ታች በገመድ ትጠፍረዋለህ። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ ወደ ታች ትስበዋለህ። ሲጎነበስልህ ጫፉን በስል ቢላ ትላጨዋለህ፣ እንደ ወረቀት አሳስተህ። ጣፋጩ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ጠርሙስ ይሞላል። ካረዌ እሱ ነው። ጠዋት ትወጣለህ፣ ማታ ትወጣለህ። ከቀረህ ይደርቃል። አሞኝ ነበር ብትለው ዛፍ አይሰማም። ሚስቴ ባቲራ ያረፈች ዕለት እንኳ ወጥቻለሁ።

ካረዌው እሳት ላይ ውሎ ሲወፍርና ሲቀላ ካማይማይ ይባላል፣ እንደ ማር ነው። መቀቀል የሴት ሥራ ነው። ባቲራ ከሄደች ወዲህ ግን እኔው ነኝ የምቀቅለው። ካውሬ «አምጡ እኔ ልቀቅልልዎ» ብላለች፣ ደጋግማ። የባቲራን ድስት ታሳርረዋለች ብዬ እንቢ አልኩ። ከፋሲካ በፊት ነው፤ ከጉልቻዎቹ አንዱ ተንሸራተተ፣ ድስቱ ከነትኩሱ አዘነበለ፣ በሁለት እጄ ያዝኩት። ሰው ሁሉ «ለምን አልለቀቅከውም?» ይለኛል። የሚወድቅ ነገር ማንም ይይዛል። ውሃ አቃጥሎ ይሄዳል። ካማይማይ ይቀመጣል።

ድስቱ ምንም አልሆነም።

ቅዳሜ፣ ጁን 8

ልጄ ኢታካ ዛፎቼን ይዟል። ጠዋት ያመጣልኝ ካረዌ ውስጥ ጉንዳን ይዋኛል። እምቡጡን እንደ ሸንኮራ ነው የሚቆርጠው፤ ማሳሳት አያውቅም፤ በዚህ አያያዙ ዛፎቼን ያደርቃቸዋል። ደግሞ ዝም ብሎ ነው የሚወጣው። ቆራጭ ዛፍ ላይ ሆኖ ይዘፍናል፤ ከሥር ገላዋን የምትታጠብ ሴት ካለች ሰው ከላይ እንዳለ እንድታውቅ። የኔ ልጅ እንደ ሌባ ወጥቶ እንደ ሌባ ይወርዳል።

«ምላስህን ታመሃል?» አልኩት።

«ምን ልዝፈን አባ? መቼ አስተማሩኝ?»

ዘፈን ይሰሙታል እንጂ ይማሩታል?

እሑድ፣ ጁን 9

ይህን ባልጽፍ ደስ ይለኛል።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማኔያባ፣ የመንደሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ገባን። የኔ ቦታ የአባቴ ምሰሶ ሥር ነው፤ ከዚያ ሥር የተናገረ ሽማግሌ ይደመጣል። የጉድጓዱ ውሃ ጨው እየሆነ ነውና ስለሱ ልናገር ተነሳሁ። ሽርጤን ጠዋት ኢታካ ነው ያሰረልኝ፣ ታንኳ እንደሚያስር። ገና «ወገኖቼ» ከማለቴ ወለቀ። ልይዘው ብል ጣቶቼ እንጨት ናቸው። ከሥር ቁምጣ ነበረኝ።

ከጎኔ የሚቀመጠው ሚካኤሬ ነው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ዛፍ ለዛፍ ስንፎካከር የኖርን። ጮክ ብሎ «ቴካያ፣ ሸራህን አውርደህ ወዴት ልትቀዝፍ ነው?» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካውሬ ከሴቶቹ መካከል ጎንበስ ብላ መጥታ ወገቤን አሰረችኝ። አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ተቀመጥኩ። ጉድጓዱ ጨው ሆኖ ይቅር።

ሰኞ፣ ጁን 10

ሮቲያ የትናንቱን ሰምታለች። ያልነገራት የለም።

«ሽማግሌዎቹ ከቀትር በኋላ ማኔያባ ውስጥ ምን ሲሠሩ ይውላሉ?» አለችኝ።

«የኮኮናት ቃጫ ጭናቸው ላይ እያሹ ገመድ ይገምዳሉ።»

«እርስዎስ?»

«አያለሁ።»

«እንግዲያው መገመድ ይጀምሩ። መጀመሪያ በዘይት ማሸት፣ ከዚያ ጣት ማፍታታት፣ ከዚያ ገመድ። ማታ ማታ ፕላስቲኩን ማጥለቅ። ጠባሳ ሌሊት ነው ሥራው። እርስዎ ሲያንኮራፉ እሱ ይጎትታል።»

ፕላስቲኩን ያሰናዱልኝ ታራዋ፣ ሆስፒታል ሳለሁ ነው። ጣቶቼን ዘርግቶ ይይዝና አንጓዬ ላይ ይታሰራል። ጫማ ውስጥ የሞተ ዓሣ ይሸታል።

ረቡዕ፣ ጁን 12

ገመድ ሞከርኩ። ሆስፒታል ከቀኝ ጭኔ ቆዳ ገፍፈው ቀኝ መዳፌ ላይ ለጥፈውልኛል። እንግዲህ ገመድ ስገምድ ጭንን በጭን ማሸቴ ነው። ሁለቱም ይነድዳሉ። ሠርቼ ያወጣሁት ነገር እዚህ ጋ ክር፣ እዚያ ጋ እባጭ።

ሚካኤሬ ብድግ አድርጎ ወደ ብርሃን ያዘው። «ይኼ ገመድ ነው ወይስ ድመት ያስመለሰችው?»

ቦታ ልቀይር ብል አልችልም። አባቶቻችን ናቸው ጎን ለጎን ያስቀመጡን።

ዓርብ፣ ጁን 14

ዘይት። ጣት ማፍታታት። ገመድ። ቆዳዬ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተነሳ ምንጣፉ ላይ ይቀራል፤ ካውሬ ትጠርገዋለች። እኔ ዓይቼው ምሳዬን አልበላሁም። እሷ ጠርጋው በላች።

ሌሊቱን ደህና ተኛሁ።

ሰኞ፣ ጁን 17

ደህና ተኛሁ። ፕላስቲኩም ደህና አደረ፣ ምሰሶው ላይ።

ረቡዕ፣ ጁን 19

የኔም ቤት ግድግዳ የለውም፣ የኢታካም የለውም። ያልፈለግኩትን ሁሉ እሰማለሁ። ማታ ሁለቱ ሲያወሩ፦

«መርከቡ በኦገስት ይመለሳል» ይላል ኢታካ። «እጃቸው ከተጣጠፈ ታራዋ ተወስደው እንደገና ይቀደዳል ብላለች ነርሷ። ባይሄዱስ? ብቻቸውን እንዴት ይኖራሉ? ቤቱን እናፍርሰውና እኛ ጋ ይግቡ። ክዳኑ ለማድ ቤታችን ይሆነናል።»

«ቀስ በል፣ ይሰማሉ።»

«ይስሙ። ክብሪት መጫር ያቃተው ሰው ብቻውን ያድራል?»

ካውሬ «ድስቱስ?» አለች።

«የቱ ድስት?»

«የእናትህ።»

«ምን ሆነ?»

«ምንም። የት ይቀመጣል ብዬ ነው።»

ገና ቤቱ ሳይፈርስ ድስቴ ላይ ዓይኗን ጥላለች። እኔ ደግሞ የዚች ሴት ማንኪያ እየጠባሁ እውላለሁ።

ሰኞ፣ ጁን 24

ሮቲያ መጣች። «መዳፍዎን ሳንቃው ላይ ያሳርፉ» አለችኝ። ያሳረፍኩ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብላ ከጎን አየችና የራሷን ጣት በእጄና በሳንቃው መካከል ሰደደች። እንደ ዓሣ አለፈ። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ጎብጠዋል።

«ፕላስቲኩን ያጠልቃሉ፣ አያቴ?»

«አጠልቃለሁ።»

ቀና ብላ ምሰሶውን አየች። ፕላስቲኩ ላይ ሸረሪት ድሩን አድርቷል። 

«ነገሩን ሳልደብቅ ልንገርዎ። በዚህ ከቀጠሉ በኦገስቱ መርከብ ይሄዳሉ። ይቀደዳል፣ እንደገና ከጭንዎ ይገፈፋል፤ ከዚያ በኋላ ይኼ እጅ ቢላ ይያዝ አይያዝ እኔ አላውቅም። ግን መርከቡ ሲመጣ ጣቶችዎ ከተዘረጉ፣ ሽርጥዎን ካሰሩ፣ እሳትዎን ከለኮሱ፣ ከቤትዎ የሚያስወጣዎት የለም። ኢታካንም እንዲህ ብዬዋለሁ፤ እሺ ብሎኛል።»

የትናንት ልጅ ቤቴ ላይ ፈረደች። ልጄም እሺ አለ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ማክሰኞ፣ ጁን 25

አሰብኩበት። የደነደነ ነገር እንዴት እንደሚታዘዝ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ዕድሜዬን ሙሉ እምቡጥ እየጠፈርኩ ወደ ፈለግኩበት አዙሬያለሁ። ጣት ከእምቡጥ አይበልጥም። የተሰበረ መቅዘፊያ አለኝ፤ ያ ድመት ያስመለሰችው ገመድም አለኝ። ሁለቱን ጣቶች መቅዘፊያው ላይ አጋድሜ፣ በጥርሴ እየሳብኩ፣ ቀጥ እስኪሉ ጠፈርኳቸው። በደንብ ነው የጠፈርኩት። ያማል። ይመም። ነገ መጥታ ጣቷን በሥሩ ታሳልፍ እንደሆነ እናያለን።

ሐሙስ፣ ጁን 27

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ቀኙ ተቀደደ። ደሙ ምንጣፉን አልፎ የምተኛበትን ቆጥ ነክቷል። ካውሬ ፈታችው። ሳየው አስመለሰኝ። እሱንም እሷው አጠበችው።

ዓርብ፣ ጁን 28

ሮቲያ ትጮኽብኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። አጠበች፣ ጠቀለለች፣ ከዚያ ቆጡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ገመዱ እዚያው ነበር፣ ደም ደርቆበት።

«አያቴ፣ አንድ እምቡጥ ጠፍሬ በዚያው ዕለት እስከ ታች ብስበው ምን ይሆናል?»

«ይሰበራል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ይህን የማያውቅ ቆራጭ የለም።»

«የሚሰብር ጀማሪ ሲያጋጥምዎ ምን ያደርጉታል?»

«በገመዱ ጫፍ እገርፈዋለሁ።»

ገመዱን አንስታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝና ሞተሯን አስነስታ ሄደች።

ጨካኝ ልጅ ናት። ምሳም አልበላሁ፣ እራትም አልበላሁ። ከዛፍ ላይ ኢታካን ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ፤ ስበህ አትጨርሰው፣ ለነገም ተውለት እያልኩ። ሚካኤሬ ይህን ቢሰማ ማኔያባ ውስጥ እስክሞት አያሳርፈኝም። እስካሁን ካልሰማ ነው።

እሑድ፣ ጁን 30

ሰምቷል።

ፕላስቲኩን አጥልቄ አደርኩ። ይሸታል።

ሐሙስ፣ ጁላይ 4

ለካ ይታጠባል። ካውሬ ጠዋት ጠዋት በሳሙና አጥባ ጥላ ላይ ትሰቅለዋለች፤ ፀሐይ ያጣምመዋል አለች። አሁንም ይሸታል፣ የሳሙና። እንደሚታጠብ ማንም አልነገረኝም። ነግረንዎታል ይላሉ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ቁስሉ ተዘግቷል። ማንኪያውን ሮቲያ እንደ እርሳሱ ጠቅልላልኛለች። ራሴ በላሁ። ግማሹ ሩዝ ጭኔ ላይ ወደቀ፤ ዶሮዎቹ እንዲህ ወደውኝ አያውቁም። ካውሬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ማንኪያዬ ከፍ ባለ ቁጥር አፏን ትከፍታለች።

«አፍሽን ግጠሚ፣ ዝንብ ይገባብሻል» አልኳት።

ሳቀች። የሚያስቅ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 13

ሽርጤን አሰርኩ። ቋጠሮው አስቀያሚ ነው፤ ይዟል። ገላዬንም ራሴ ታጠብኩ፣ ሁሉንም። ስለሱ ሌላ አልጽፍም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 17

ሙቀቱ ሌላ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቅጠል አልተነቃነቀም፣ ዝንብ ፊቴን ወሮኛል። ክብሪት ሞከርኩ። ብዙውን ሰበርኩት። አንዱ ተያያዘ፤ ነፋስ አጠፋብኝ።

ዓርብ፣ ጁላይ 19

ካውሬ በየቀኑ «ወደ እሳቱ ቀረብ ይበሉ፣ ሻይ አፍልቻለሁ» ትለኛለች። ጢስ ዓይኔን ያመኛል አልኳት። ጢሱ በወዲያ በኩል ነው የሚሄደው አለች። ምን አገባት። ሻይዋም ስኳር ብቻ ነው፣ የሱቅ ስኳር፤ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይቀራል። የሰው ሆድ በዚህ ይሞላል?

ሰኞ፣ ጁላይ 22

ማኔያባ ውስጥ ገመድ ስንገምድ ሚካኤሬ እጄን ሲያየኝ ቆየ።

«ትወጣለህ?» አለኝ።

«እወጣለሁ።»

«ውሸታም። እኔ እንኳ ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ረጃጅሞቹን ለልጆቹ ትቻለሁ። ከቤትህ ጀርባ ያለውን ጩጬ ኮኮናት አላየኸውም? እምቡጥ አውጥቷል። መሬት ቆመህ ትደርስበታለህ።»

«እሱ የልጅ ዛፍ ነው።»

«አንተስ?» አለ። ቃጫውን አስቀመጠ፤ ሌሎቹም እጃቸውን አቆሙ። «ወገብህን ሰው ያስርልሃል። በማንኪያ ትበላለህ። ጥርስህን ልቁጠረው ብል አፍህን ከፍተህ ሳትጨርስ እጨርሳለሁ። ማታ እጅህን ጠቅልለው ያስተኙሃል። በእኛ አገር ይኼን ምን ይሉታል?»

«አንተን ግን ምን ይሉሃል? አፍህ ካረዌ ቢያወጣ ደሴቱ ይጠግብ ነበር።»

ሳቁ። በሱ ነው የሳቁት፣ በኔ አይደለም። ግን ከዚያ በኋላ አላናገርኩትም። አራስ ልጅ የሚማርበት ዛፍ። አባቴ ከምሰሶው ሥር ሆኖ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር። ቀፈፈኝ። ገመዴን ጥዬ ወጣሁ፤ ለመመለስም አልዞርኩም።

ማታ ሽንቴን ልሸና ወደ ኋላ ስሄድ ዛፉን አየሁት። እምቡጡ እውነትም ደርሷል። ጥሩ እምቡጥ ነው፣ ወፍራም። ለማንም ሳይጠቅም ይፈነዳል።

ዓርብ፣ ጁላይ 26

ቢላዬ ከጣሪያው ሥር ከተሰካበት ጠፍቶ ነበር። ኢታካ ላይ ጮኽኩ፣ ካውሬም ላይ። ዛሬ ከቀትር እንቅልፍ ስነሳ ቆጡ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ተስሏል። እጀታው በገመድ ተጠቅልሎ ወፍሯል፣ የኔ እጅ ያለ ችግር የሚጨብጠውን ያህል። ጠጋ ብዬ ሳየው ገመዱ የራሴ ነው፤ ያ እባጩ የበዛው፣ ማኔያባ ጥዬው የወጣሁት። ሌባው ሚካኤሬ ነው።

ያዝኩት። እባጮቹ መዳፌ ላይ ጥርስ እንዳለው ያዙኝ፤ አልተንሸራተተም። ሽማግሌ ሆኖ የሰው ቢላ ይሰርቃል።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 27

ሁሉም ዓሣ ወርደው ነበር። ጩጬውን ጠፈርኩት። ቆሜ፣ በሁለት እግሬ፣ እንደ ሕፃን። ጣቴ ቋጠሮውን እስኪያጠብቅ ላብ ዓይኔን አጠፋው። ጠፍሬ ስጨርስ ትንሽ ሳብኩት። ትንሽ ብቻ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 1

ትንሽ ሳብኩት። ጣቶቼንም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6

ትንሽ። ትንሽ።

ኢታካ ዛፉን አይቷል። እንዳላየ ሆኖ በዚያ በኩል ዞሮ ነው የሚያልፈው። እሱም ይሻላል።

ዛሬ የባቲራን ድስት ከተሰቀለበት አወረድኩ። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ማንም አልነካውም፤ በዚህ የጨው ነፋስ ብረት ዝጎ ማለቅ ነበረበት። ቅንጣት ዝገት የለውም። ጎኑን ስዳብሰው ጣቴ ላይ ዘይት ቀረ፣ የኮኮናት፣ ትኩስ ሽታ ያለው። የድሮ ብረት ጥሩ ነው። እንደ አሁኑ አይደለም።

መልሼ ሰቀልኩት።

ዓርብ፣ ኦገስት 9

ላጨሁት። መጀመሪያ ወፍራም አነሳሁ፣ ኢታካን የምሰድብበትን ዓይነት። ሁለተኛው ሳሳ። ጠብ አለ።

ሳላውቀው ዘፈኑን እያንጎራጎርኩ ነበር ለካ። መሬት ላይ የቆመ ሰው ምን አስዘፈነው። ማታ ኢታካ ረጅሙ ዛፍ ላይ ሲወጣ ከላይ ድምፅ ሰማሁ። የኔኑ ዘፈን ነው የሚዘፍነው። ሁለተኛውን ስንኝ ያበላሸዋል፤ ማዕበሉ ከታንኳው ይቀድማል አለ።

«ታንኳው ነው የሚቀድመው» ብዬ ከታች ጮኽኩ።

ዘፈኑን አቋረጠ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፣ ታንኳውን አስቀድሞ። ድምፁ እንደ አሮጌ በር ይንጫጫል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማው።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 13

ነገ መርከቡ ይገባል። ማንም ሳያይ ደረቅ የኮኮናት ቅጠል ሰብስቤ ለኮስኩ። ተያያዘ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነድዶ እስኪያልቅ አየሁት። ዛሬ ነፋስ አልነበረም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 14

መርከቡ ከሪፉ፣ ከኮራሉ ዓለት፣ ውጪ ቆመ። ሮቲያ ሳንቃውን ይዛ መጣች። ኢታካ ቆሟል፣ ካውሬ ቆማለች፣ ያልጠራሁት ሚካኤሬም ምርኩዙን ይዞ ቆሟል።

«ያሳርፉ» አለች።

አሳረፍኩ። ጎንበስ ብላ ጣቷን ሰደደች። በቀለበት ጣቴ ሥር አላለፈም። በትንሿ ጣቴ ሥር አለፈ። እሷ እንደ መንጠቆ ጎብጣ ቀርታለች።

«ትቅር» አልኩ፣ ቀድሜያት። «ጠርሙስ አንጠለጥልባታለሁ።»

ሽርጤን ፈትቼ አሰርኩ፣ በሁሉም ፊት። ሚካኤሬ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። እሳቱን ለኮስኩ። ሮቲያ ቀና ብላ ኢታካን አየችው። እሱ አሸዋውን እያየ፣ ክዳኑ ያረጀ ስለሆነ በሚቀጥለው ሳምንት የፓንዳነስ ቅጠል ቆርጦ ይቀይረዋል አለ። የማን ክዳን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

«ረጅሙን ዛፍ ግን፣ አያቴ…» አለች ሮቲያ በጆሮዬ።

«አውቃለሁ።»

«ፕላስቲኩን ገና አይተዉም። ዘይቱንም።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

መርከቡ ሰው ጭኖ ሄደ። እኔ እዚህ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ጩጬውን ላጨሁት።

ዓርብ፣ ኦገስት 16

የጩጬው ጠብታ ከኢታካ ካረዌ ጋር ሲደመር አንድ መቀቀያ ወጣው። የኢታካውን በጨርቅ አጠለልኩት፤ ጉንዳኑ ቀንሷል ግን አልጠፋም።

ድስቱን አወረድኩና በሁለት እጄ ይዤ ወደ ካውሬ ምድጃ ወሰድኩት። ባዶ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ሆኖም በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ አረፍኩ። ከጉልቻዋ አጠገብ አስቀመጥኩላት። እሷ ድስቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«አታሳርሪው» አልኳት።

«እሺ፣ አባቴ።»

ጉልቻዎቹን እያንዳንዳቸውን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ አየቻቸው፤ ከዚያ ነው የጣደችው። ሲፈላ አረፋውን ገፈፈች፣ ሲወፍር እሳቱን ቀነሰች፣ እያማሰለች አንዴም ቀና አላለችም። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ጢሱ በወዲያ በኩል ነው የሚሄደው፣ እውነቷን ነው።

ሲቀላ በማንኪያ ቀዳች፣ እፍ እፍ አለችበት፣ ወደኔ ዘረጋችው። አፏ ተከፈተ። ማንኪያውን ከእጇ ተቀብዬ ራሴ ቀመስኩ።

«ቀጥኗል» አልኳት። «ባቲራ ትንሽ ታቆየው ነበር።»

«የነገውን አቆየዋለሁ።»

ቀጥኗል፣ ጢስ ጢስም ይላል፣ አንድ ጉንዳንም ነበረበት። ማንኪያውን ልሼ መለስኩላት።

ድስቱ እሷ ዘንድ አደረ።